‹ራን› መሮጥ ብቻ አይደለም

(ባለፈው እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ለአዲስ መጪ ወገኖቻችን የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲከፈት የተናገርኩት ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ላክልን ስላላችሁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ልጆቹም ይግቡ። ድምፃቸው አይረብሸኝም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው። አንድ ቃል። በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ናት፣ በእኛ ሁለት። ራን። እስኪ ትርጉሙን የሚያውቅ እጁን ያውጣ? ... ሁላችሁም! እዚያ ጥግ ያሉት እናቴም አወጡ። ምን ማለት ነው እናቴ? ... መሮጥ። ትክክል ነው፣ መሮጥ ነው።

ይህን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የት ይገኛል? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1960 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ አስር ሺህ ሜትር አሸንፋ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሩጫ የእኛ ነው። ስለዚህ ‹ራን› የሚለውን ቃል ስንሰማ ደስ ይለናል፣ ይቺንስ አውቃታለሁ እንላለን።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።

የማናውቀው ቃል እኮ አያታልለንም። ስንሰማው እንደነግጣለን፣ ምን አልክ ብለን እንጠይቃለን፣ ወይ ስልካችንን አውጥተን እንፈልጋለን። የሚያታልለን የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። እሱን አንጠይቅም። ጭንቅላታችንን ነቅንቀን እናልፋለን። ይህን ነው ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት፣ ሌላ አይደለም። መጀመሪያ እኔን ያገኘኝን እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ቃሉ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና እንዴት እንደሰፋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዴት እንደምንይዘው።

እኔ አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ደሴ ውስጥ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። ‹ራን› የሚለውን ግስ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የአሁኑን፣ ያለፈውን፣ የተጠናቀቀውን ጊዜ። ከጎኑ በአማርኛ "ሮጠ" ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ደወል ይደወላል። አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ለእነዚያ ልጆች የአንድ ትልቅ ቤት አንድ መስኮት ብቻ አሳይቼ፣ ቤቱ ይህ ነው ብያቸዋለሁ።

አሜሪካ ስመጣ ሥራ ያገኘሁት መሃል ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ፓርኪንግ ታውቃላችሁ፣ ሠርታችሁበታል። ወሩ ጃንዋሪ ነው። ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ። አንድ ሰው ጥቁር መኪና ይዞ መጣ፣ ቸኩሏል፣ በሩን ከፍቶ እየወረደ ‹ሊቭ ኢት ራኒንግ› አለኝና ወደ ላይ ሄደ።

እኔ የሰማሁትን ልተርጉምላችሁ። ‹ሊቭ› ማለት ተው። ‹ራኒንግ› ማለት መሮጥ። መሮጡን ተው። መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ነው የሚለኝ አልኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩት። በደንብ የታዘዝኩ መስሎኝ ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ነበሩ። አላየኋቸውም። መስታወቱ ጥቁር ነው። ሰውየው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ በሩን ከፈተው፣ እናቱ ሁለት እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ሰውየው እንዲያውም አልጮኸብኝም። ዞሮ አየኝና ለምን አጠፋኸው አለኝ። ለምን አጠፋኸው? ምን ልመልስ? ሞተሩን ሳታጠፋ ተወው፣ እንደበራ ይቆይ ማለቱ ነበር። ማሞቂያው እንዲሠራላቸው። እናታችሁ ብትሆን አስቡት። እኔ ያሰብኩት የራሴን እናት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። ኪስ የምትገባ። ዛሬ ‹ራን› የሚል ቃል ከሰው አፍ በወጣ ቁጥር እጽፋለሁ ብዬ ሥራ ገባሁ። ሰው የሚለውን ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ።

ጠዋት አለቃችን መጣ። ‹ዊ አር ራኒንግ ሾርት ቱዴይ› አለ። ሠራተኛ አንሶናል ማለቱ ነው። ጻፍኩ። አንዲት ሴትዮ ክሬዲት ካርዷን ሰጠችኝና ‹ራን ኢት አጌን› አለች፣ እንደገና ሞክረው፣ ማሽኑ ላይ አሳልፈው። ጻፍኩ። ሊፍቱ ‹ኢዝ ኖት ራኒንግ› አሉ፣ አይሠራም። አንዱ ሹፌር ‹አይ አም ራኒንግ ሌት› አለ። ረፍዶብኛል። ጓደኛዬ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ትኬት ‹ራን ኢት አፕ› አለኝ፣ ቶሎ አድርስልኝ። ይቺኛዋ ትንሽ ሩጫ አለባት። ከሰዓት በኋላ የደረሰኝ ወረቀት ጨርሼ ስጠይቅ ‹ዊ ራን አውት› ተባልኩ፣ አልቋል። ማታ ፌርማታ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አውቶቡሱ በየሃያ ደቂቃው ‹ራንስ› አሉኝ።

ሰባት። በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ። ከሰባቱ ውስጥ በእግሩ የሮጠ ሰው ቢፈለግ፣ ከዚያች ከትኬቷ በቀር አንድም የለም። እኔ ግን አስተማሪ ሆኜ ስንት ዓመት ያስተማርኩት እሱን ብቻ ነው።

እሺ። ይህ ቃል ስንት ትርጉም ያለው ይመስላችኋል? ገምቱ እስኪ። ሃያ? ... አምሳ አለ አንዱ። ሌላስ? ... መቶ። ጎበዝ!

የኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ። የመጀመሪያው እትም ተሠርቶ ያለቀው በ1928 ነው። ከዚያ ወዲህ ሲታደስ፣ ሲጨመርበት ኖሯል። እዚያ ቤት ለብዙ ጊዜ አንደኛ የነበረው ‹ሴት› የሚል ቃል ነው። የእኛ ሴት አይደለም፣ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት የሚለው የእነሱ ቃል ነው። በ1989 እትም 430 ያህል ትርጉም ነበረው። ከዚያ ‹ራን› መጣና በለጠው። መዝገበ ቃላቱን ከሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ ፒተር ጊሊቨር ይባላል። ይህ ሰው ይህን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ተቀመጠ። ስንት ጊዜ መሰላችሁ? ዘጠኝ ወር። ልጅ የሚወለድበት ጊዜ! ጨርሶ ሲቆጥረው፣ በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ተገኘ። ስድስት መቶ አርባ አምስት። ስም ሆኖ የሚመጣበት አልተቆጠረም፣ እሱ ሌላ ነው።

አይዟችሁ፣ አትደንግጡ። 645ቱን አጥኑ ልላችሁ አልመጣሁም። እንግሊዞቹም ሁሉንም አያውቁትም። እኔ የምፈልገው ሥሩን እንድታዩት ነው። ሥሩን የያዘ ሰው ቅርንጫፉን ባያውቀውም ይገምተዋል።

ሥሩ ምንድነው? ውሃ ነው። የዚህ ቃል ዘመዶች በድሮ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ አሉ። ጀርመን አገር የኖራችሁ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጀርመኖች ዛሬም ‹ሪነን› ሲሉ መፍሰስ፣ መንጠብጠብ ማለታቸው ነው። ‹ሬነን› ሲሉ ደግሞ መሮጥ። ወንድማማች ናቸው። መሮጥና መፍሰስ ድሮውንም አንድ ቤት ነበሩ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ስለዚህ ‹ራን› ስትሰሙ የሚሮጥ ሰው ብቻ አይምጣባችሁ። ወንዝ ይምጣባችሁ። ሳያቋርጥ የሚሄድ ነገር።

በዚህ ዓይን እንየው። ልጃችሁን መዋያ ስታደርሱ ሞግዚቷ አፍንጫውን አይታ ‹ራኒንግ ኖዝ› ትላችኋለች። አፍንጫ ይሮጣል? አይሮጥም። ይፈሳል። ቧንቧውን ክፈተውና ውሃው ‹ራን› ያድርግ ይሏችኋል፣ ይፍሰስ። እንቁላሉ ‹ራኒ› ነው፣ አስኳሉ አልጠናም፣ ይፈሳል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ትርጉም የለም፣ ሁሉም ከወንዙ ነው የተቀዳው።

አንዲት እህታችን የሆነችውን ልንገራችሁ፣ ፈቅዳልኛለች። ለጥምቀት የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚሷን ላውንደሪ ወሰደች። እናቷ ከአገር ቤት የላኩላት ነው። ነጭ፣ ደረቱና ጠርዙ ቀይ ጥለት። ሠራተኛዋ ጥለቱን በጣቷ ነካ አድርጋ ‹ዚስ ዊል ራን› አለቻት። እህታችን ቶሎ ይደርሳል ማለቷ መሰላት። ይሮጣል፣ ፈጣን ነው። እሺ፣ እሺ፣ ቴንኪው አለቻት። ፈረመች። ሐሙስ ልትወስድ ስትሄድ ቀሚሱ ሮዝ ሆኖ ጠበቃት። ቀዩ ጥለት ለቆ ነጩን በክሎታል። ሴትየዋ ቀለሙ ይለቃል፣ ይፈሳል ብላ አስጠንቅቃት ነበር። ፈርመሻል አሏት። እህቴ ቀሚሱን እቅፍ አድርጋ መኪናዋ ውስጥ ስታለቅስ ነው እኔ ጋ የደወለችው። የእናት እጅ ያረፈበት ጨርቅ ነው፣ በምን ይተካል? አንዲት ቃል ነች ያመጣችው። የምታውቃት የመሰላት ቃል።

ከወንዙ ቀጥሎ የመጣው ሞተር ነው። እንግሊዞች ማሽን ሲሠሩ፣ ፋብሪካ ሲከፍቱ፣ ባቡር ሲዘረጉ፣ ይህ ሁሉ ሳያቋርጥ የሚሄድ አዲስ ነገር ስም ፈለገ። አዲስ ቃል ከመፍጠር ያለውን ቃል ሰጡት። መኪና ራን ያደርጋል፣ ፍሪጅ ራን ያደርጋል፣ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተር መጣና ፕሮግራሙም ራን ማድረግ ጀመረ። ሱቅ መክፈት፣ ምግብ ቤት ማስተዳደርም ‹ራን› ሆነ። እስኪ ልብ በሉ፣ እኛም እኮ ከዚህ ብዙ አልራቅንም። ሱቁን ማን ነው የሚያስኬደው እንላለን። ሥራ እንዴት እየሄደ ነው እንላለን። እነሱ ያስሮጡታል፣ እኛ እናስኬደዋለን። ሁለታችንም ንግድን እግር ሰጥተነዋል። ይህ ያስደስተኛል በእውነት።

ምርጫም ላይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ‹ራን› ያደርጋል ይባላል። እንግሊዝ አገር ስትሄዱ ግን ያው ሰው ‹ስታንድ› ያደርጋል፣ ይቆማል። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ምርጫ። አንዱ ጋ ይሮጡለታል፣ አንዱ ጋ ይቆሙለታል። ለንደን ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው።

ባንክም አለ። በማርች 2023 ካሊፎርኒያ የነበረውን ሲሊከን ቫሊ ባንክን ታስታውሱ ይሆናል። በአንድ ቀን ብቻ ደንበኞቹ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ዜናው ሁሉ ‹ባንክ ራን› ይል ነበር። አንድ አባት ያኔ፣ ባንኩ አመለጠ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አባቴ፣ ባንኩ አይደለም፣ ሰው ነው ገንዘቡን ሊያወጣ የተሻማው። አብዛኛው ደግሞ ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል፣ በስልኩና በኮምፒውተሩ ነው ያወጣው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምታስቡ ይገባኛል። ይህ ቋንቋ ምን ዓይነት ጣጣ ነው፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሸከማል? እንደ አማርኛ ለየነገሩ ቃል ቢኖረው ምን ነበር? እንዲህ የምትሉ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ።

በላ ማለት ምን ማለት ነው?

እንጀራ በላ። እሺ። መኪናው ነዳጅ ይበላል። ብረቱን ዝገት በላው። ሸማውን ብል በላው። ማሽኑ ካርዴን በላው። ዳማ ስንጫወት ጠጠሬን በላብኝ። የሰው ገንዘብ በላ። ቃሉን በላ። ይህ ጉዳይ ጊዜዬን በላው። ከእነዚህ ውስጥ አፍና ጥርስ ያለበት ስንቱ ነው?

ልጄ የተወለደችው እዚህ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር ያኔ። አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ "ጀርባዬን በላኝ፣ እስኪ እከኪልኝ" አልኳት። ቆማ ታየኛለች። ዓይኗ ፈጠጠ። በጣም ቀስ ብላ ወደ ኋላዬ ዞረች፣ ሸሚዜን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? "አባ፣ ማን ነው የሚበላህ?"

ማን ነው የሚበላህ! እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ቁልፍ ነቅዬ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የቆመችው፣ ልጄ። ቃሉን ታውቀዋለች። በላ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ ለዚህ ነው የፈራችው። እቅፍ አድርጌ አስረዳኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቻችን አማርኛ ሲሳሳቱ መሳቅ ትቻለሁ። እናንተም እባካችሁ አትሳቁባቸው። ልጁ ተስቆበት አፉን ከዘጋ በኋላ ማስከፈቱ ከባድ ነው።

እና አንድ ቃል ብዙ ሥራ መሥራቱ ጣጣ አይደለም። ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። ነጠላን አስቡት። ይለበሳል፣ ልጅ ይታቀፍበታል፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይደረባል፣ እንባ ይጠረግበታል፣ ሐዘን ላይ ይዘቀዘቃል። ቤት ውስጥ በጣም የሚያገለግለን ዕቃ ነው ብዙ ሥራ የሚሠራው። ቃልም እንዲሁ።

ሩጫንም ቢሆን እኛ ዝም አላልናትም። "ዛሬ ስሯሯጥ ዋልኩ" ስንል መቼ ቱታ ለብሰን ወጣን? ጉዳይ ስናስፈጽም፣ ገበያ ስንል፣ ልጅ ስናደርስ ነው። እነሱም በትክክል ይህን ‹ራኒንግ ኤራንድስ› ይሉታል። ሰው ሲያርፍ ደግሞ ሩጫውን ጨረሰ እንላለን። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ከጻፈው የመጣ ነው፣ "ሩጫውን ጨርሻለሁ" ካለው። ቀብር ላይ ይህን የሰማ ሰው ሟቹ አትሌት ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም።

እንግዲህ እንዴት እንያዘው? ብዙ አላንዛዛም፣ ቡናው እየተፈላ ነው፣ ሽታው እኔም ጋ ደርሷል።

ቃል ብቻውን አትያዙ። ከጓደኛው ጋር ያዙት። ሰው ስታውቁ ከማን ጋር እንደሚውል አይታችሁ አይደል የምታውቁት? ‹ራን› ከ‹ኢንቱ› ጋር ከመጣ አንድ ነገር ነው፣ ከ‹ኦቨር› ጋር ከመጣ ሌላ ነው። ‹አይ ራን ኢንቱ ዩር ሀዝባንድ› ብትላችሁ አንዷ፣ ባልሽን መንገድ ላይ በአጋጣሚ አገኘሁት ማለቷ ነው። ‹ራን ኦቨር› ብትል ግን በመኪና ወጣችበት ማለት ነው! በአንዲት ትንሽ ጭራ ሰላምታው ወደ አምቡላንስ ይቀየራል። ‹ራን አውት› አለቀ። ‹ራን አዌይ› ጠፋ፣ ኮበለለ። መንጃ ፈቃድ ለምትፈተኑት፣ ‹ራን ኤ ሬድ ላይት› ማለት ቀይ መብራት መጣስ ነው። ‹ኢን ዘ ሎንግ ራን› ሲሏችሁ የማራቶን ወሬ አይደለም፣ ውሎ አድሮ ማለት ነው። ሥራ ስታመለክቱ ‹ባክግራውንድ ቼክ ራን እናደርጋለን› ካሏችሁ ወንጀል አለበት ወይ ብለው መዝገባችሁን ሊያዩ ነው።

ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል፣ ግን እኔ ደብተር እወዳለሁ። ቃሉን ብቻ አትጻፉ። የተባለውን እንዳለ ጻፉ፣ ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው። "አለቃዬ፣ ጠዋት፣ ሰው ጎድሎ።" እኔ ዛሬም ያቺን ደብተር ስከፍታት የሰዎቹ ፊት ይመጣብኛል። ፊት ያለው ቃል አይረሳም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ግን ለተማሪዎቼ ፊት አልነበረውም።

ሌላው ግምት ነው። ገምቱ፣ አትፍሩ። ሱቅ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ጎረቤት ጋር ተሳሳቱ፣ ምንም አይደለም። ግን የማይገመትበት ቦታ አለ። ሐኪም ፊት አትገምቱ። ፍርድ ቤት አትገምቱ። የምትፈርሙት ወረቀት ላይ አትገምቱ። እባካችሁ። እባካችሁ እላለሁ።

ለምን እንደምለምናችሁ ልንገራችሁና ልጨርስ።

ሰፈራችን አንድ አባት አሉ። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። ከመጡ ዓመትም አልሞላቸውም። እንግሊዝኛ አገር ቤት ትንሽ ተምረዋል፣ በዚያም ይኮራሉ፣ ሐኪም ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ ብለው ሄዱ። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ ስትጠይቃቸው ሁሉንም መለሱ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሲጋራ። ከዚያ ‹ደዝ ዳያቢቲስ ራን ኢን ዩር ፋሚሊ› አለቻቸው። አባባ የያዟት ቃል ‹ራን› እና ‹ፋሚሊ› ናት። ቤተሰብህ ውስጥ የሚሮጥ አለ ወይ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን አውቃ ነው የጠየቀችኝ አሉ በልባቸው። ‹ኖ፣ ኖ ራን› ብለው መለሱ። የሚሮጥ የለም።

ነርሷ ጻፈች። ስኳር በሽታ በቤተሰብ፣ የለም።

እናታቸው በስኳር ነው የሞቱት። ታላቅ ወንድማቸው ከስኳር የተነሳ እግሩን አጥቷል።

ይህን እኔ ያወቅኩት ከስንት ወር በኋላ፣ ቤታቸው ቡና እየጠጣን ነው። ውሃ ደጋግመው ይቀዳሉ። ሌሊት አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ እነሳለሁ አሉኝ። ዕድሜ ነው አሉ። ከዚያ ያን ጥያቄ፣ ሯጭ አለ ወይ ብላ እኮ ጠየቀችኝ ብለው አጫወቱኝ። ስኒዬን አስቀመጥኩ። "አባባ፣ ሯጭ አይደለም የጠየቀችዎት፣ ስኳር በዘር አለባችሁ ወይ ነው ያለችዎት" አልኳቸው። ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ።

በዚያው ሳምንት አብሬያቸው ሄድኩ። እኔ ልተረጉምላቸው አልነበረም የሄድኩት። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ግን የሐኪም አስተርጓሚ አይደለሁም፣ ልጅም ዘመድም አይደለም የዚህ ሥራ ባለቤት። መስኮቷ ላይ ‹አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ› አልን። ሦስት ቃል ናት። በቃላችሁ ያዟት፣ ልጆቻችሁም ይያዟት። በዚህ አገር ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ በ2004 የወጣ የከተማው የቋንቋ ሕግ አላችሁ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶችም ብዙ ነገር በአማርኛ ያቀርባሉ። ልመና አይደለም። መብት ነው። አትፈሩ፣ አትሸማቀቁ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከውስጡ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ጤና ይስጥልኝ አባቴ" አለቻቸው። አባባ ቆባቸውን አውልቀው ስልኩን እጅ ነሱት። ሐኪሙ ያን ጥያቄ እንደገና ጠየቀ። ያው ‹ራን› ነው፣ ያው ቃል። ልጅቷ "ከቤተሰብዎ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አለ ወይ?" ብላ አስተላለፈች።

"እናቴ" አሉ። "ወንድሜም።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያቸው። የድሮውን ወረቀት አየ፣ ሰረዘው፣ ጻፈ። ከዚያ ‹ሌትስ ራን ሰም ቴስትስ› አለ። አባባ ቃሏን ሰሟት፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ ጣታቸውን ወደ ሐኪሙ ቀስረው "ይኸው መጣች ደግሞ! አሁን ምን እያለች ነው?" አሉኝ።

እኔ ምንም አልመለስኩም። ስልኩን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ልጅቷን ጠየቋት።

"ምርመራ እናድርግልዎት ነው የሚሉት አባቴ። ደም ይሰጣሉ።"

እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ስኳሩ ተገኘ፣ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ዛሬ መጥተዋል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ ታሪኬን ተናገር ያሉኝም ራሳቸው ናቸው። አባባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን።

አመሰግናለሁ። ደብተሮቹ በሩ አጠገብ ካርቶኑ ውስጥ ናቸው፣ አንድ አንድ ውሰዱ፣ የሚበቃ አለ። ቡና እየጠጣን ጥያቄ ያላችሁ ኑ።